ባዶ መንጠቆ

ሌሎቹ ሰፋሪዎች ከጓሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ ሸሽተው ድንኳናቸውን ከጥዱ ሥር ሲተክሉ፣ ይህ ሰው ግን ከሐይቁ አፋፍ ላይ ተከለ። የካምፑ ጠባቂ አወቀ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለበትም። በሐምሌ አንድ ወጣት ዓሣ ሊያጠምድ ገብቶ ሐይቁ አስቀርቶታል፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ሰውየው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጫማው ለቢሮ እንጂ ለጭቃ አይሆንም። ገመዱ ወፍራም ነው፣ መንጠቆው ባዶ። ገመዱ በከበደው ቁጥር መጀመሪያ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ነው የሚስበው። የሚወጣው አረም ነው። ያራግፈውና ባርኔጣውን መልሶ ይደፋል።

አወቀ ቀረብ ብሎ፣ ወደ ውሃው ቢዘል ሊይዘው ከሚችልበት ቦታ ቆመ።

«በባዶ መንጠቆ ምን ሊያዝልህ ነው፣ ልጄ? የኛ ሐይቅ ዓሣ እንዲህ ሞኝ መሰለህ?»

«ዓሣ አልፈልግም፣ ጋሼ።»

አወቀ ወፍራሙን ገመድ አየና፣ «የሐምሌው ልጅ ምንህ ነው?» አለው።

«ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም ብላለች። ጎረቤት ሊያስተዛዝናት ሲመጣ በር ትዘጋለች።»

ገመዱ ተወጠረ። ይህኛው እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ከባድ ነው። ሰውየው ጥቂት ሳበና ተወ። ጫፉን ለአወቀ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ደኑ አዞረ።

«እርስዎ ይዩልኝ።»

አወቀ እየፈራ ሳበ። የበሰበሰ የጥድ ግንድ ብቅ አለ።

«እንጨት ነው።»

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፊቱም ፈታ አለ። ወዲያው ግን እንደ ማፈር ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«እንግዲህ እናቴን ዛሬም እራቱን አስቀምጪለት ልበላት?» አለ።