አንድ ጫማ ጥላ

ልጅ ሳለሁ፣ የሠርክ ጸሎት ተደርሶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኛ ጥቂት የሰፈር ልጆች ከሐረሩ ሸዋ በር ወረድ ብላ ወደምትገኘው የአጎቴ የመሪጌታ ኅሩይ ቤት እንሄድ ነበር። ቀን ፊደልና ዳዊት የሚያስቆጥሩን እኒያ ኮስታራ መምህር፣ ማታ ፋኖሱ ከተሰቀለና የምድጃው ፍም ዐመድ መልበስ ከጀመረ በኋላ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። አንድ ጊዜ የቅዱሳንን ገድል፣ አንድ ጊዜ የጦጣንና የአንበሳን ክርክር ያወጉናል። ያኔ ጢሱ ዐይናችንን እያስለቀሰን እንኳ ከምድጃው ፈቀቅ ማለት አንወድም ነበር፤ ፈቀቅ ያለ ልጅ ቦታውን ያጣልና።

ሐሙስ ማታ ግን ተረቱ የሚመጣው ከሌላ አፍ ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በሶፊ የሚኖሩ ሐጂ አደም የሚባሉ ገበሬ ዓርብ ዓርብ ከተማ ማሽላና ስኳር ድንች ሸጠው፣ ጁምዓ ሰግደው ይመለሱ ስለነበር፣ ሐሙስ ማታ አህያቸውን ከአጎቴ ግቢ አስረው እዚያው ያድራሉ። አንዱ ከማሕሌት የማይጠፉ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ሌላው ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሙስሊም፣ እንዴት እንዲህ እንደ ተዋደዱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይነገረን ብለን የምንለምነው ታሪክ ያ ነበርና።

«ሐጂ፣ የኳሱን ይንገሩን!»

«ኳስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ተረት ሆነ?» ይላሉ መሪጌታ፣ ዐይናቸውን ከመጽሐፋቸው ሳያነሡ።

«እርስዎ ጆሮዎን ይድፈኑ መሪጌታ» ይላሉ ሐጂ። «እኔ ያገባሁትን ጎል እኔ ካላወራሁት ማን ሊያወራልኝ ነው? በረኛው እንደሆነ ያው በሩ ጋ ተቀምጦ ትንፍሽ አይል!»

በረኛው፣ ሐጂ በኦሮምኛ «ያ ታዴ» እያሉ የሚጠሩት፣ አባቴ ነበር። የመሪጌታ ታናሽ ወንድም፣ በሙያው ልብስ ሰፊ፣ ማታ ማታ እኔን ሊወስድ ይመጣና ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከፋኖሱ የተረፈችውን ብርሃን እየተሻማ ቁልፍ ይተክል ነበር። ሰላምታ ይሰጣል፤ ሲጠየቅም ይመልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አይናገርም። ታላቅ ወንድሙንም እንደ ባዕድ ሰው «መሪጌታ» ነበር የሚላቸው። ሌላው ታናሽ ወንድም ሁሉ ታላቁን «ጋሼ» ሲል እሰማ ስለነበር፣ የእኛ ቤት ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ይገርመኝ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሦስቱም ጎልማሶች ሳሉ፣ እኔም ሳልወለድ፣ የሰፈራችን የኳስ ቡድን ለዋንጫ የሶፊን ቡድን እንዲያስተናግድ ዕጣ ደረሰው። ያሸነፈ ድሬዳዋ ሄዶ ይጫወታል። ከእኛ ልጆች አብዛኞቹ ድሬዳዋን አይተው አያውቁም ነበር፤ አባቴ ግን ድሬዳዋ ላይ የሚለበሰውን ዐሥራ አንድ ማልያ አስቀድሞ ሰፍቶ፣ ተኵሶ፣ አጥፎ በሣጥን አስቀምጦ ነበር። እንግዶቹን የመቀበሉ ነገር፣ ኦሮምኛ ስለሚያውቁና ስለሚከበሩ፣ ለመሪጌታ ተሰጠ። ከጨዋታው በኋላ የሚቀርበውን ምግብም እንግዶቹ ሳይሳቀቁ እንዲበሉት አንዲት ሙስሊም ጎረቤት እንዲሠሩት ተደረገ።

ቀኑ ዓርብ ሆነ፤ የሶፊ ሰዎች ለጁምዓ ከተማ መግባታቸው አይቀርምና። ከጁምዓ መልስ፣ በስምንት ሰዓት፣ ከሐኪም ጋራ ሥር ባለው ሜዳ ጨዋታው ተጀመረ። ዓርብ ለመሪጌታ የጾም ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሰዓት ስለሌላቸውም በጥላቸው ይለኩ ነበር። ዛሬ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ ላስረዳ። ሰው በተስተካከለ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና የራሱ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ያስተውላል፤ ከዚያ ከቆመበት ተነሥቶ፣ ተረከዙን ከጣቱ እያገጠመ፣ በገዛ እግሩ ጫማ እየቆጠረ እስከዚያ ቦታ ይሄዳል። ቁጥሩ እንደየወሩ ይለያያል፤ በዚያ ወር ግን ጥላ ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

በእረፍቱ መጨረሻ መሪጌታ ሜዳው ዳር ቆመው ለኩ፤ ሰባት ሞላ። አማትበው፣ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን የሽምብራ ቆሎ ፈትተው የመጀመሪያዋን ፍሬ ሲያኝኩ፣ የሁለተኛው አጋማሽ ፊሽካ ተነፋ።

የእኛ ቡድን አንድ ለባዶ ይመራ ነበር። ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ኳሷ የዳኛውን ክንድ መታችና የሰዓቱ መስተዋት ረገፈ፤ ዳኛው ሲያየው ቆሟል። መቼ እንደ ቆመ አያውቅም። የመሥመር ዳኞቹም ሰዓት አልነበራቸውም። ሜዳው ዙሪያ ሰዓት ያሰረው ሰው ሁሉ የቤቱ ደጋፊ ነበርና፣ አንዱ «አሁን አለቀ» ይላል፤ አንዱ «ካለቀ ሩብ ሰዓት ሆነው» ይላል።

«ወላሂ» ይሉ ነበር ሐጂ እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ «ያን ቀን የሐረር ሰዓት ሁሉ እንደ ቸኮለ! እኛም እኮ ሶላታችንን በጥላ ነው የምናውቀው፤ እንዳላለቀ ገብቶናል። ግን እንግዳ ነን፤ ማን ይሰማናል?»

ዳኛው በእረፍቱ ሰዓት መሪጌታ ሲለኩ አይቷቸው ነበር። ጠራቸው። ያኔ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ።

«አልቋል ይበሉ መሪጌታ!»

«የእርስዎን ጾም ፈትተው የለም እንዴ፣ የእኛንም ይፍቱልን!»

መሪጌታ ጥምጣማቸውን አውልቀው ቆሙ፤ አስተዋሉ፤ ቆጠሩ። አርባ አምስት ደቂቃ በዚያ ወር ሦስት ጫማ ተኩል ነው፤ ጨዋታው የሚያልቀው ጥላቸው ዐሥር ጫማ ተኩል ሲሆን ነበር። ያገኙት ዘጠኝ ተኩል ነው። አልቋል ቢሉ፣ ያቺን ሽምብራ ያለ ሰዓቷ በልተዋል ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ በሰዓቷ በልተዋት ሰው ፊት ዋሽተዋል።

«አንድ ጫማ ይቀራል» አሉ።

«ሽምብራዋ ናት ያዳነችን!» ይላሉ ሐጂ፣ ጕልበታቸውን በጥፊ እየመቱ። በዚያች አንድ ጫማ፣ ዐሥር ደቂቃ በምታህል ጊዜ ውስጥ፣ ያኔ ፈጣን አጥቂ የነበሩት ሐጂ ሁለት ጎል አገቡ። ሁለተኛዋ በአባቴ እግሮች መካከል ነበር ያለፈችው። ይህችን ሲናገሩ ግን ሐጂ ወደ በሩ ሰረቅ አድርገው ያዩና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ጨዋታው ሲያልቅ አስተናጋጆቹ ሁሉ ተቈጥተው ሄዱ። ምግቡ ተሰናድቶ፣ እንግዶቹ ተሰልፈው ሲቆሙ፣ መሪጌታ ብቻቸውን ማንቆርቆሪያ ይዘው ዐሥራ አንዱንም የሶፊ ልጆች አስታጠቡ። ሐጂ አደም በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ከረጢት ስኳር ድንች ጭነው የእኒህን ሰው ቤት እያጠያየቁ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። አባቴ በበኩሉ ዐሥራ አንዱን ማልያ ፈትቶ ለአልጋ ልብስ ሽፋን አደረጋቸው፤ እኔ በዚያ ሽፋን ውስጥ ነው ያደግሁት።

እኛ ልጆች ይህን ታሪክ የምንወደው ስለሚያስቀን ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ ግን፣ ያኔ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሐጂ «አንድ ጫማ ይቀራል» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ቀን ጥላ ስንለካ ተሳስቼ መሪጌታ ተቈጥተውኝ ስለነበር፣ ያለ ክፋት ጠየቅሁ።

«የኔታ፣ ያን ቀን እርስዎም ተሳስተው ቢሆንስ?»

ተግሣጽ ጠብቄ ነበር፤ መሪጌታ ግን መጽሐፋቸውን ከደኑ።

«ይህን እኔም ሳስበው እኖራለሁ» አሉ። «ሜዳው ወደ ጋራው ዘንበል ያለ ነበር። ዘንበል ባለ መሬት ላይ ጥላ ይረዝማል፤ ያጥራልም። ሰዉ ይጮኽ ነበር፤ ተረከዜን ከጣቴ በደንብ ማግጠሜንም እንጃ። ግማሽ ጫማ ስቼ እንደ ሆነ፣ አንድ ሙሉ ጫማም ስቼ እንደ ሆነ፣ ምን አውቃለሁ? ስቼ ከሆነ ደግሞ የሰው ልጅ ድካም በከንቱ አስቀርቻለሁ።» የማን ድካም እንደ ሆነ አልተናገሩም። ወደ በሩም አላዩም።

ከምድጃው አንድ ፍም ተሰንጥቆ ብልጭ አለና ጠፋ። ያን ጊዜ ከመድረኩ አጠገብ ድምፅ ተሰማ።

«አልተሳሳቱም፣ ጋሼ።»

አባቴ መርፌውን እንደ ያዘ፣ ዐይኑን ከጨርቁ ላይ ሳያነሣ ነበር የተናገረው።

«ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር የግቡን ቋሚ ጥላ ለካሁት። ጥላ መለካት አባታችን ሁለታችንንም አይደል ያስተማሩን? ጨዋታው ሲያልቅ ጥላው የሚደርስበት ቦታ ላይ አንዲት ድንጋይ አስቀመጥሁ። ሰዓቱ ተሰበረ ሲባል ዞር ብዬ አየሁ። አልደረሰም ነበር። ክንድ የማይሞላ ይቀረው ነበር።»

«ድንጋይዋስ?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«በእግሬ ገፋኋት። ከዚያ ከሰዉ ጋር ሆኜ አልቋል እያልሁ ጮኽሁ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እርስዎን የተቀየምሁት ስለ ተሳሳቱ አልነበረም።»

ሐጂ ጕልበታቸውን በጥፊ መቱ።

«ያ ታዴ! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሁለት ጎል አገባሁበት እያልሁ ስኩራራ፣ ለካስ በረኛው ግቡን ትቶ ድንጋይ ሲጠብቅ ኖሯል!»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። መሪጌታ ግን አልሳቁም፤ ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩትና «በሩ ጋ ይበርዳል፤ ወደ እሳቱ ቅረብ» ብቻ አሉት። አባቴ ጨርቁንና መርፌውን ሰብስቦ ተነሣ። ያኔ ከምድጃው ፈቀቅ ማለት የማንወድ ልጆች፣ ማንም ሳያዝዘን ቦታ ለቀቅንለት።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ሐጂ ጀምረው የሚጨርሰው አባቴ ሆነ። ድንጋይዋንም አንድ ቀን እንኳ ዘልሎ አያውቅም።

ሦስቱም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። እኔም በተራዬ ሸምግዬ፣ በዚህ ዓመት የሶፊ ልጆች ለዋንጫ ወደ ሰፈራችን ሲመጡ፣ እንግዳ ተቀባይ እንድሆን ተጠየቅሁ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሜዳውም ያው ከሐኪም ጋራ ሥር ያለው ነው። ዛሬ ሰዓት የሌለው ሰው የለም፤ ዳኛውም ሁለት ሰዓት አስሮ ነበር። የእኛ ልጆች አሸነፉ፤ እኔም እንደ ልማዱ ለእንግዶቹ ውኃ ይዤ ቆምሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የቤቱ ልጆችም አብረውኝ ቆመው አስታጠቡ።

በልጅነቴ ከዚያ ታሪክ የምይዘው የአጎቴን ቃል ነበር፤ ሺሕ ሰው ሲጮኽ አንድ ጫማ ይቀራል ማለትን። ዕድሜ ሲገፋ ግን ይበልጥ አብሮኝ የኖረው የአባቴ ቃል ነው። አጎቴ እውነቱን የተናገሩት ተጠይቀው ነበር፤ አባቴ ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሊያውቅበት በማይችል ነገር፣ ልጁ ባለበት ተናገረ። የትኛው እንደሚከብድ እመዝናለሁ፤ እስካሁን አልወሰንሁም።

እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ ሜዳውን አቋርጬ ነበር የሄድሁት። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የግቡ ቋሚ ጥላ እስከ ሜዳው ወገብ ተዘርግቷል። ከጥላው ጫፍ ጥቂት ወጣ ብሎ አንዲት ድንጋይ ተቀምጣ አየሁ፤ የማንም ያልሆነች፣ እንዲሁ ያለች ድንጋይ ትሆናለች። በትሬን አንሥቼ፣ የነጠላዬን ጫፍ ሰብስቤ፣ ሳልነካት አለፍሁ።