እናቴ ለግሪክ መምህሬ የነገረቻት

እዚህ ጣልያን አገር ሊሴዮ ክላሲኮ የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈጠረ ሰው እጁ ይሰበር። ላቲኑ፣ ግሪኩ፣ ፍልስፍናው፣ ፊዚክሱ፣ ሂሳቡ፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። እኔ ደግሞ ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ። ለዚያ የዚያን ዓመት አልፌ የመጨረሻው ክፍል መግባት ነበረብኝ። እኔና እናቴ የምንኖረው እሷ ተቀጥራ በምትሠራበት ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። የቤቱ እመቤት፣ ሲኞራዋ፣ ማታ መብራቴን ባየች ቁጥር ትነዘንዘኛለች።

የግሪክ መምህሬ ገና ከመጀመሪያው ጠምዳ ይዛኛለች። አንቺን የመሰለች ልጅ የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ቶሎ ሥራ ብትይዝ አይሻላትም ወይ ትለኛለች፣ ክፍሉ እየሰማ። «አንቺን የመሰለች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም ገብቶኛል፣ ክፍሉም ገብቶታል። እንዲያም ሆኖ ግንቦት ላይ የግሪክ ውጤቴ ማለፊያው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የቀረው የእሷ ፈቃድ ብቻ ነው።

ወላጆች መምህራንን የሚያነጋግሩበት ቀን ሐሙስ ከሰዓት ላይ ዋለ፤ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ሰዓት ነው። እናቴ ጫማዋን ወልውላ መጣች። ከፊታችን የነበረችው ጣልያን እናት፣ ልጄ ሊቅ ነው፣ እናንተ ናችሁ ያልገባችሁ እያለች ስትሟገት ቆይታ ወጣች። የኔ እናት ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ በምትችለው ጣልያንኛ፣ አገር ቤት መምህር ፊት የሚባለውን ጀመረች።

«ሰነፍ ናት። እርስዎ ታግሠዋት ነው እንጂ ጭንቅላቷ አይቀበልም። አይዘኑላት።»

አበስኩ ገበርኩ! አገር ቤት ቢሆን መምህሩ፣ ኧረ እንዲያውም ጎበዝ ናት ብሎ ይመልሳል፤ ወጉ ነዋ። ይቺ ግን ፊቷ በራ፣ ብዕሯንም አነሳች። የእናቴን ክንድ ብጎትት በክርኗ ገፋችኝ።

ሰኔ ላይ ውጤት ሲለጠፍ በግሪክም በሂሳብም ሪማንዳታ ተብያለሁ፤ መስከረም ላይ በድጋሚ ተፈተኚ ማለት ነው። ከወደቅኩ ዓመቱን እደግማለሁ። ሲኞራዋ ደግሞ ደጋሚ ተማሪ ቤቴ አላስቀምጥም፣ ትሠራለች እንጂ ብላለች። መምህሬ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ፣ እናትሽ ካንቺ በላይ ታውቅሻለች አለችኝ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ እናቴ ላይ ያልወረወርኩት ቃል የለም። እሷ ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች።

ነሐሴን ሲኞራዋ ወደ ባሕር ይዛን ወረደች። የልጆቿን ፎጣ አጥባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ፤ በተረፈችኝ ሰዓት አንዴ መምህሬን አንዴ እናቴን እየረገምኩ የግሪክ ግሥ እሸመድዳለሁ። ንዴት እንዲህ ያስጠናል ብዬ አላውቅም ነበር።

መስከረም ላይ ሁለቱንም አለፍኩ። የዚያን ሳምንት ሐሙስ ያገራችን ሰዎች ከሚሰበሰቡበት፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሄድን። እናቴ የምታከብራቸው አንዲት ትልቅ ሴት፣ የልጅሽ ፈተና እንዴት ሆነ ብለው ጠየቋት። እናቴ፣ ኧረ አዝነውላት ነው እንጂ ብላ ስትጀምር አላስጨረስኳትም።

«አልፌያለሁ፣ እትዬ። ግሪኩንም ሂሳቡንም። ያለፍኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ነው» አልኩ፣ ዙሪያችን የቆመው ሁሉ እንዲሰማ።

ሴትዮዋ እሰይ አሉ። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ወደ አውቶቡሱ ጎተተችኝ።

ከተቀመጥን በኋላ አፈነዳሁት። እኔን በሰው ፊት ማዋረድ ምን ይጠቅምሻል፣ ልጅሽ ነኝ ወይስ ጠላትሽ አልኳት። ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ወንድምሽን ጎበዝ ነው፣ ከክፍሉ አንደኛ ነው፣ ተማሪው ሁሉ የሚሰማው እሱን ነው እያልኩ ለሰፈሩ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለች። «አብዮት ጠባቂዎቹ ሲመጡ ስሙን እንኳ አያውቁትም ነበር። የጎበዙ ልጅ ቤት የትኛው ነው ብለው ነው የጠየቁት።»

ወንድሜ አዲስ አበባ እንደተገደለ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ነግራኝ አታውቅም። ንዴቴ አልበረደም። ብቻ እሷ ላይ ልወረውረው አልቻልኩም።