ማጭድ የማያልፈው ጥድ

ኪኑዬ ኦዳጊሪ መንገዱን የዘጋውን ገመድ በማጭዷ እጀታ ከፍ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አለፈች። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው የማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ «ወደ ተራራው መውጣት ክልክል ነው» ይላል። በሰባ አራት ዓመቷ ማንበብ አላቃታትም፤ መታዘዝ እንጂ።

ወደ ኩሩሚዳኒ የመጣችው በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ከዓሣ አጥማጆች ወደብ ተድራ ነው። ባሕር ዳር ያደገች ልጅ ተራራው አፍኗት የመጀመሪያውን ዓመት በልቅሶ ገፋችው። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ አማቷ ማጭድ ሰጥታ ሣር አጨዳ ተራራው ጫፍ ላይ ወዳለው የፈረሰ ምሽግ ላከቻት። ጫፉ ላይ ስትደርስ ከሸለቆዎቹ ማዶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ባሕሩ ታያት። ከዚያ ወዲህ ባሏን በቀበረችበት ዓመት እንኳ አንድም ግንቦት አልቀረችም።

ያኔ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣ ስለነበር ሠላሳ ማጭድ ይሰማ ነበር። ዛሬ የቀሩት እሷና የሰማንያ አንድ ዓመቱ ጎረቤቷ ጌንሳኩ ናቸው። ከኋላቸው የሚከተለው ወጣት ሺኖሃራ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ምሽጉ ሙሉ በሙሉ እንደፈረሰ ዛሬ ካረጋገጠ፣ ጫፉ በዶዘር ተደልድሎ የስልክ አንቴና ይተከልበታል። አንድ የቆመ የካብ ማዕዘን ከተገኘ ግን ደንቡ ዶዘር አያስወጣም።

«እማማ፣ ገመዱ እኮ ለእርስዎ ደኅንነት ነው» አለ ሺኖሃራ።

«የምታለከልከው አንተ ነህ። ለራስህ እሰረው።»

ጌንሳኩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የምሽጉን ሦስት ደረቅ ጉድባዎች ተሻግረው ጫፉ ላይ ወጡ። በመንደሩ በኩል ያለው ካብ ማዕዘኖቹ ተነቅለው ድንጋዮቹ ቁልቁል ተበትነዋል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በጦርነት ያሸነፈው ጌታ ምሽጉን መንደርተኞቹ ራሳቸው እንዲያፈርሱት አዝዞ ነበር። ማዕዘኑ የተነቀለ ምሽግ እንደሞተ ይቆጠራል።

ሺኖሃራ ፎቶ አነሣና ቅጹን አወጣ። «እንግዲህ ‹ሙሉ በሙሉ የፈረሰ› ብዬ ልሙላው።»

ኪኑዬ በሰሜን በኩል የቆመውን ያረጀ ጥድ አየችው። አጨዳው ሁልጊዜ እዚያ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቀርከሃ ነው። ለአዲስ ሙሽሮች ማጭድ ከጥዱ ካለፈ የተራራው አምላክ ይቆጣል ይባላል። እውነቱን አማቷ የነገረቻት ልትሞት ስትቃረብ ነበር። ኪኑዬ ማጭዷን ጥዱ ላይ ሰቅላ፣ ከመቀነቷ ቆንጨራዋን መዘዘችና አለፈች።

«ኪኑዬ፣ ተመለሺ» አለ ጌንሳኩ። «ማጭድ ከጥዱ አያልፍም።»

«ማጭዱን ሰቀልኩት። ደግሞ ለምን እንደማያልፍ ታውቃለህ አይደል፣ ጋሼ ጌንሳኩ?»

«ስለማውቅ ነው ተመለሺ የምልሽ። ስንት ትውልድ የሸሸገውን ካሜራ ላንጠለጠለ ልጅ ልታሳዪ?»

«የተሸሸገው ከማን ነበር? ከዚያ ጌታ። እሱ ሞቷል። ዛሬ ዝም ካልን እሱ ያቃተውን እኛ ጨረስንለት ማለት ነው።»

 ኪኑዬ ቀርከሃውን መቁረጥ ጀመረች። አራት ቀርከሃ እንደጣለች ልታርፍ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቆንጨራዋን አንሥቶ አምስተኛውን የጣለው ጌንሳኩ ነበር።

«ሃምሳ ዓመት ኖረሽም እንደ ባሕር ሰው ነው የምትቆርጪው» እያለ አጉረመረመ። «ከሥሩ ነው።»

ሺኖሃራም ቅጹን ኪሱ ከቶ የተቆረጠውን ይጎትት ጀመር። ቀትር ሲሆን ካቡ ወጣ፤ የሁለት ሰው ቁመት ያለው፣ የድንጋይ ሽበት የለበሰ፣ ማዕዘኑ አንድ ድንጋይ ያልጎደለበት።

ልጁ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። «ይሄን ለምን ተዉት?»

«የጌታው ተቆጣጣሪ የቆመው ታች ሸለቆው ውስጥ ነበር» አለ ጌንሳኩ። «ከዚያ የሚታየውን አፈረሱለት።»

«ሽቅብ መውጣት ከብዶት ነው» አለች ኪኑዬ። «እንደ አንተ ሳያለከልክ አልቀረም።»

ሺኖሃራ ፈገግ ብሎ የጻፈውን ሰረዘ። «ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማማ?»

«ታዘዙ፣ አላደረጉትም በል።»

እንዳለችው ጻፈ። ከዚያ በጨው የተዘፈዘፈ ፕሪም ያለበትን የሩዝ ድቡልቡል ለሦስት ተካፍለው በሉና፣ እስከ ጥዱ ያለውን ሣር አጭደው ተሸክመው ወረዱ።

ግርጌው ላይ ኪኑዬ ገመዱን ፈታችው።  ሰሌዳውን ለሺኖሃራ አቀበለችውና የተፈታባትን የሣር ሸክም በገመዱ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።