ለጥንቸሎቼ የጎዘጎዝኩት ሣር

ከሰፈራችን ከኪሱጉ የወጣሁት ባለቤቴ ትዕግሥት «ዛሬ ምን እንደሚገድላቸው ካላወቅህ እነዚህ ጥንቸሎች እዚህ ግቢ አያድሩም» ስላለችኝ ነው። እኛ ጥንቸል አንበላም፤ የምናረባው ለሆቴሎች ለመሸጥ ነው። በአንድ ሳምንት አምስት ግልገሎች በተቅማጥ ሞቱብን። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ሶስና ደግሞ አቅፋቸው ነው የምትውለው። በሽታው ወደ እሷ ቢተላለፍስ ብለን ሁለት ቀን ከቤት እንዳትወጣ ከለከልናት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት

አንዷን የታመመች ግልገል በካርቶን፣ በጠጧን በፌስታል ይዤ፣ ማስኬን አጥልቄ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ወጣሁ። የእንስሳት ሐኪም እስካለችበት እስከ ኪሰንዪ አራት ሺህ ሽልንግ ነው። ነጂው ካርቶኑን አየና «ምሳ ነው?» አለኝ። «በሽተኛ ናት» ስለው እስከ ንሳምብያ ዳገት ድረስ ሳቀብኝ። እኔ ሳቄ ከየት ይምጣ።

ረፋድ ላይ፣ ኪሰንዪ

የእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ከታክሲ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከጆንያ ነጋዴዎች መሀል ናት። እሷ በማይክሮስኮፕ እስክታይ ደጃፉ ላይ ሮሌክስ ገዛሁ፤ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ነው።

«ሴቦ፣ ና እየው» ብላ ጠራችኝ፤ ጌታው ማለቷ ነው። በማይክሮስኮፑ ሳይ መስታወቱ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ተበትነዋል።

«ኮክሲዲያ ይባላል። ከበጠጥ ጋር ይወጣል፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሁለት ሦስት ቀን ይበስላል። ሌላዋ ጥንቸል ከሣር ጋር ስትውጠው አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ አንጀቷን ያቆስላል። ትልልቆቹ ሳይታመሙ ይሸከሙታል፣ ትንንሾቹን ይገድላል።»

«ሰውንስ?»

«ይሄ የጥንቸል ብቻ ነው። ልጅህን አይነካትም።»

ወንበር ሳልጠይቅ ተቀመጥኩ። ተመስገን አልኩ።

«የሚበሉት ምን ላይ ነው?» አለችኝ።

«ወለሉ ላይ። እንደ አውዳመት ሣር እጎዘጉዝላቸዋለሁ። ሲቆሽሽ በላዩ ትኩስ እጨምርበታለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «በአክብሮት ነው እንግዲህ የምትገድላቸው» አለችኝ። የሚጠጡት ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ሣሩን ከወለል ከፍ አድርጌ በሽቦ እንዳንጠለጥል፣ በሽተኛዋንም ለብቻዋ እንዳኖር አዘዘችኝ።

ከሰዓት፣ ቤት

ትዕግሥት «ወደ ሰው አይተላለፍም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ሶስናን ጠርታ «ሂጂ፣ እናቲቱን ጥንቸል እቀፊያት። ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ» አለቻት።

እኔ አካፋ ይዤ ጥንቸሎቹ ቤት ገባሁ። ከትኩሱ ሣር በታች ያለው የሳምንት ሣር እርጥብና ሙቅ ነበር። ሶስና ጥንቸሏን እንዳቀፈች መጥታ አጠገቤ ቆመች። አምስቱ የሞቱት በእኔ ስህተት መሆኑን ነገርኳት። ፊቷን ማየት ከበደኝ።

«አሁንስ አወቅህ?» አለችኝ።

«አወቅሁ።»

«በል እንግዲህ ያዛት፤ እኔ ልጥረግ» ብላ ጥንቸሏን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻት።