ጥላ የሚፈራው ኩሬ

ከዲላ ማለዳ የወጣሁት ባዶ ጠርሙሶች በቦርሳዬ ይዤ ነው። የማጠናው ውኃ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ነው፤ ጨለለቅቱ አጠገብ፣ ከቡና ማጠቢያው በታች፣ አረንጓዴ የለበሰ ኩሬ አለ ስለተባልኩ ልቀዳ ሄድኩ። ይርጋጨፌ ላይ አብዛኛው ተሳፋሪ ወረደ። ከጨለለቅቱ በሞተር፣ በእንሰትና በቡና መሀል ቁልቁል ወረድን።

ኩሬው የወይዘሮ ብርቄ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ በበጋ የቡና ችግኛቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ ብቻ ነው። ቆጮ በጎመን አቅርበውልኝ እየበላሁ ጭንቀታቸውን ነገሩኝ። ጎረቤቶቻቸው ኩሬው ይናገራል ብለው በአፈር ሊደፍኑት ነው።

"ቀትር ላይ ቆመህ ስማ" አሉኝ። "ጥላህ ሲያርፍበት ዝም ይላል።"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ኩሬው ግን ያንሾካሹካል። ጎንበስ ስል ጥላዬ ያረፈበት ዝም አለ። ዞር ስል ቀጠለ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ አልጌው በብርሃን ኦክስጅን ይተፋል፣ ድምፁም የአረፋው ነው። ቢሆንም ፈራሁ።

የሚያናግረው ብርሃን ነው፣ ብርሃን ካጣ ዝም ይላል ብዬ አስረዳኋቸው። ፊታቸው በራ፤ መርቀው ሸኙኝ።

መልስ ጉዞ

አንዱን ጠርሙስ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው መጣሁ። ቤቴ ስከፍተው ፍስስ አለና የሽንት ሽታ አፍንጫዬን መታው። አሞኒያ ነው። አልጌ ታፍኖ ብርሃን ሲበዛበትና የሚመገበው የካርቦን አየር ሲያልቅበት፣ የተፋውን ኦክስጅን መልሶ ይስባል፤ ናይትሮጅኑም አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ያፈንኩት እኔ ነኝ። ለወይዘሮ ብርቄ ብርሃን ካጣ ዝም ይላል ማለቴ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ፤ ዝም ለማሰኘት ሸፍነው ኩሬውን ቢያፍኑትስ? ብደውል ኔትወርክ የለም።

በማግስቱ ቀትር ላይ በስልክ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ኩሬውን እንዳይሸፍኑት።"

"ትናንት በእንሰት ቅጠል ሸፈንነው፣ ልጄ። ዝም አለ። ጎረቤቶቼም መድፈኑን ተዉልኝ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ማታ ግን እንቁራሪቶቹም አልጮሁም።"

ቅጠሉን እንዲያነሱ፣ ስልኩንም ወደ ውኃው እንዲያስጠጉልኝ ለመንኳቸው። ቅጠሉ ሲጎተት ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም።

ሹክሹክታው ከየት እንደሚመጣ ነግሬያቸው ነበር። የኩሬው ትንፋሽ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።