ለመኪና የተተከለ ድንኳን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። አሰላ በሰኔ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን በዝናቡ አይደለም። ከድካሜ ብዛት፣ በሕይወት ላለ አባቴ ሰፈሩን ሁሉ ስላስለቀስኩ ነው።

አባቴ ዕድሜ ልኩን ሾፌር ነበር። መጀመሪያ የመንግሥት መኪና ነዳ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ የራሱን አሮጌ ነጭ ፒክ አፕ። ከዲክሲስና ከጮሌ ገብስ ጭኖ ይመጣል። በሰፈራችን ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነበር። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን የደም ግፊቱ ጣለው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ዞረ። ሐኪሙ «መንዳት ለጊዜው ይቅር» አለን። «ለጊዜው» ስንት እንደሆነ ግን አልነገረንም።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ እየደወለ «ቆሞ ከሚበሰብስ ሽጡት» ይለኛል። ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። እኔ ግን መኪናው ከግቢ የወጣ ቀን አባቴ ተስፋ እንደሚቆርጥ አውቅ ነበር። ያኔውኑም «እግርህን አንቀሳቅስ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በእኔ ትከሻ ካልሆነ ከአልጋው አይወርድም። ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪናዬስ?»

«እስክትድን በደንብ ይቀመጥልሃል» ብዬ ቃል ገባሁለት።

ሌላም ጣጣ ነበር። በተጣመመ አፉ ሰው እንዲያየው አልፈለገም። «ማንንም እንዳታስገቢ» አለኝ። በሽተኛ መጠየቅ በእኛ ሰፈር ግዴታ ነው። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሜ «አሁን ገና ተኛ» እያልኩ ጠያቂውን መለስኩ። ያመጣውን ብርቱካን ተቀብሎ ሰውየውን ከበር መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ይፍረደኝ። ቀን መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ከሥራ መልስ አባቴን አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አገላብጣለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቼ ነበር።

መኪናው እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ፣ እየተኮላተፈ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየደጋገመ።

«ዘይቱን ቀይሪ፤ ያረጀ ዘይት ቆሞ ሞተር ይበላል። ነዳጁን ሙዪው፤ ጎዶሎ ከሆነ ውስጡ ውሃ ያልበዋል፣ ይዝጋል። የእጅ ፍሬኑን እንዳትስቢ፤ ይጣበቃል። ባትሪውን ፍቺ።»

ሁሉንም አደረግኩ። ገብስ ሲጭን የኖረ መኪና ስለሆነ አይጥ እንዳይገባበት ወንበሩን አንስቼ ሁለት ጣሳ ሙሉ ገብስ ጠርጌ አወጣሁ። የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ወተፍኩት። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ጎማው ለወራት በአንድ በኩል ተጭኖ እንዳይጎብጥ መኪናውን አንስቶ አራት ጥርብ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ጋራዡ ነው። ጋራዥ እንበለው እንጂ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ዳስ ነው። የሰኔ ዝናብ ቀጥ ብሎ ይገባበታል።

ለዚህ መላ የፈጠረልኝ የእድራችን ንብረት ያዥ ነው። «አንዲት የተቀደደች ድንኳን አለች፤ ኮሚቴው ካገልግሎት አስወጥቷታል። ውሰጃትና መጋረጃ አድርጊያት» አለኝ። መርቄው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቱፋ የሚባለው የሰፈራችን ባለ ጋሪ ድንኳኗን ከሁለት የብረት ምሰሶ ጋር ፈረስ ጋሪው ላይ ጭኖ፣ በገበያው መንገድ ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆ አመጣልኝ። ሁለት ወር ማንም ዓይኑን ያላየው በሽተኛ ቤት የእድር ድንኳን ሲገባ ሰው ምን ይላል ብዬ አንዴም አላሰብኩም። ግሪስ እንዳይታይብኝ ደግሞ ጥቁር ቀሚስ ለብሻለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጭንቅላት እንዲህ ነው።

ከቱፋ ጋር ምሰሶዎቹን ተክለን ድንኳኗን ወጠርን። እሱ ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ሄደ። እኔ ክሪኩን ከኋላ ጎማው አጠገብ አስገብቼ መኪናውን ወደ ላይ መግፋት ጀመርኩ። ከፍ አለልኝ። ድንጋዩን ልገፋ እጄን ስዘረጋ ክሪኩ ጭቃው ላይ ተንሸራተተና መኪናው ዱብ አለ። እጄ ለጥቂት ተረፈ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ለመኪናው አልነበረም፤ ለእጄም አልነበረም። በቃ ደክሞኝ ነው።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከገበያ ሲመለሱ በአጥሩ በር ብቅ ያሉት። ድንኳኑን አዩ፤ ጥቁር ቀሚሴን አዩ፤ እንባዬን አዩ። ሌላ ምን ይጠይቁ? ዘንቢላቸውን ጥለው የአባቴን ስም እየጠሩ ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ በቀለ! የልጄን ነፍስ ያተረፍክ! በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ሌሊት፣ ልጄን ከነሆዷ ሆስፒታል ያደረስክልኝ ወንድሜ!»

«እትዬ፣ ኧረ አልሞተም!» ብዬ ብድግ አልኩ።

እሳቸው ግን ጭቃዬን ሳይጠየፉ ጥምጥም አሉብኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ አላመንኩም ነበር።» እኔ «አልሞተም» ባልኩ ቁጥር እሳቸው ሐዘን አእምሮዬን የነካው መስሏቸው የባሰ ያለቅሳሉ።

እሪታቸውን የሰማ ሁሉ መጣ። የማዕዘኑ ባለሱቅ ሐጂ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው «ያ ረቢ! መቼ ነው?» እያሉ ገቡ። ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። አንድ ሰውዬማ ጡሩምባ ነፊውን ሊጠራ ሮጦ ነበር አሉ፤ ታች መንገድ ላይ ነው ተይዞ የተመለሰው።

ቱፋ ፈረሱን እየሳበ ሲመለስ ግቢው ለቅሶ ቤት ሆኖ ጠበቀው። «ሂን ዱኔ! ሂን ዱኔ!» እያለ ጮኸ። «አልሞቱም እኮ! ድንኳኑ የመኪናው ነው!»

«ለመኪና ድንኳን ይተከላል እንዴ? አንተ ደግሞ ሰክረሃል!» ብለው ተቆጡት።

በዚህ መሃል የቤቱ በር ተከፈተ።

አባቴ ነው። ጋቢው ከአንድ ትከሻው ወርዷል፤ በደህና እጁ የበሩን መቃን ጨብጧል። ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ግድግዳውን ይዞ፣ ብቻውን ነበር የመጣው። ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ እትዬ ዘነበች እንደገና ጮኹ፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

አባቴ ሁላቸውንም አንድ በአንድ አየ። አፉ እንደተጣመመ ነው፤ ምራቁም በጎን ይወርዳል። ያ ሁሉ ወር የደበቀው ፊት ለሰፈሩ ተገለጠ።

«አልሞትኩም» አለ፤ ቃሉ እየተጎተተ። ትንፋሹን ሰበሰበና ቀጠለ። «መጣችሁ አይቀር… መኪናውን አንሱልኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ከድር ናቸው። እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ኮታቸውን አውልቀው ለእትዬ ዘነበች አስያዙና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለቀብር የመጡት ወንዶች በመኪናው ዙሪያ ተሰለፉ። አንዱ «ቢስሚላህ»፣ አንዱ «በስመ አብ» እያለ ኋላውን በእጃቸው ብድግ አደረጉት። ቱፋ ድንጋዮቹን ገፋ። ከዚያ ፊቱን አነሱ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የታገልኩትን፣ ሻይ እንኳ በማይፈላበት ጊዜ ጨረሱት።

ከዚያ ፈቃድ የጠየቀኝ የለም፤ ሁሉም አባቴን ተከትለው ቤት ገቡ። እትዬ ዘነበች በሐፍረት ሊያልቁ ነው፤ «በቁምዎ ያለቀስኩብዎትን ይቅር ይበሉኝ» እያሉ እግሩ ስር ተቀመጡ። አባቴም አፉን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ አጫወታቸው።

ማታ ሳስተኛው «ሰዎቹ የረሱኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«አታስገቢ ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት፤ ትንሽ ተቆጥቼ። በማግስቱ እግሩን ለማንቀሳቀስ ራሱ ጠራኝ።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። እትዬ ዘነበችን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሁለታችንም እየሳቅን አንገታችንን እንደፋለን። ያን ቀን ሳስበው አፍራለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ በሩን የዘጋሁት በአባቴ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሴም ላይ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። ዛሬ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ እኔም ትንሽ ጋደም እላለሁ። ድካሙ ግን አልቀረም። ደክሞኛል ስል የምዋሽ እንዳይመስላችሁ።

መኪናው እንደተቀመጠ ነው። በየእሁዱ ከቱፋ ጋር አባቴን ደግፈን መሪው ፊት እናስቀምጠዋለን። ከጭስ ማውጫው ጨርቁን አወጣለሁ፤ ባትሪውን አስራለሁ፤ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል። መኪናው ድንጋይ ላይ ስለሆነ የትም አይሄድም። አባቴ ግን ግራ እግሩን የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላይ ያስቀምጥና ይታገላል። ለወራት እግሩ እዚያ ላይ ከማረፍ በቀር ምንም አላደረገም ነበር።

ባለፈው እሁድ እስከ ታች ረገጠው። እኔና ቱፋ ተያየን። «በል ልቀቀው» አልኩት። እግሩ ግን መነሳት እምቢ አለው። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አነሳሁለት።

«እንደገና» አለኝ።