የደምለው አንበሳና የዘርፈሽ ጥጃ

ባሌ ደምለው አንበሳ ገድሏል። ፈገግ ብትሉ አልቀየማችሁም፤ ደምለውን የሚያውቅ ሁሉ ፈገግ ይላል። እኔ ይርጋነሽ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን ልንገራችሁ። ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወንዝ ማዶ፣ ሁለት ጥማድ መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። ሥራው እርሻ፣ ሙያው ጉራ። አባይን በክረምት፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ በዋና ተሻግሯል፤ ምን ያደርጋል፣ ያን ዕለት አብሮት የነበረ ሰው አልተገኘም። ሞጣ ገበያ ላይ ሦስት ሽፍታ በአንድ ሽመል ዘርሯል፤ ሦስቱም የት እንደ ገቡ አይታወቅም። አንድ ቀን ደግሞ ነብር ገደልሁ ብሎ እየፎከረ መጣና መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነብሩ የጎረቤታችን የዘርፈሽ ዥጉርጉር ጥጃ ሆኖ ተገኘ። ዘርፈሽ ለካሳ የኛን ጥጃ ነድታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ደምለው አፉን በከፈተ ቁጥር «ጥጃዋስ?» ይሉታል።

በስድሳ ዘጠኝ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ። የደበቀ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል ተባለ፤ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ዘመን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ደምለው የአባቱን ውጅግራ በቅባት በታሸ ቆዳ ጠቅልሎ ከበረታችን ግርግም ሥር ቀበረው። ከዚያ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ያየህ ፊት ቀርቦ፣ ጠመንጃውንማ ገና በንጉሡ ጊዜ ሞጣ ወስጄ ሸጬዋለሁ ብሎ ማለ። በዕድሜው አንድ ጊዜ ውሸቱ ጠቀመን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እፎይ ብዬ አላውቅም። ሁለት ዋንጫ ጠላ ሲቀምስ የሌለውን የሚያወራ ሰው፣ ያለውን እንዴት አድርጎ ይደብቃል?

ሁለት ዓመት እንዲህ በሥጋት ከኖርን በኋላ አንበሳው መጣ።

የአንበሳ አገሩ ቆላ ነው። ከአባይ በረሃ ተነሥቶ ወደኛ ደጋ፣ ወደ ገብስና ባቄላ አገር ምን ጠርቶት እንደ ወጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የዘርፈሽን በሬ በላ፣ ሁለት አህያ ደገመ። ሚሊሺያዎቻችን ዘምተው ነበር፤ የቀረው መንግሥት ለያየህ የሰጠው አንድ ጠመንጃና አምስት ጥይት ነው። አምስቱም በቁጥር ናቸው፣ ያለ ፈቃድ አንዲቷ አትተኮስም። ያየህም ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ በላይ ጻፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለማኅተም መልስ መጣ። አንበሳ በደጋ የማይኖር በመሆኑ የታየው አንበሳ አይደለም፤ ወሬውን የሚነዙ አድኃርያን ተጣርተው ይቅረቡ ይላል። እሰይ! አንበሳው ፊደል ቢቆጥር ኖሮ አፍሮ ወደ ቆላው ይመለስ ነበር። ፊደል ስላልቆጠረ ሦስተኛ አህያ በላ።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ጠዋት አገሩ ሁሉ ቅዳሴ ሄዷል። እኔ ዘግይቼ ነጠላዬን ሳጣፋ፣ ከቤታችን በታች ሣር ላይ የታሰረችው ላማችን እንደ እብድ ጮኸች። ወጥቼ ባይ አንበሳው ከወንዙ ወዲህ ቆሟል፣ ጎፈሩ በጤዛ ርሷል። ደምለው በረት ውስጥ ፍግ ሲዝቅ ነበርና እሱም አየው። ወዲያው ግርግሙን ገፍቶ መሬቱን በዶማ መቆፈር ጀመረ። እጁን ይዤ ለመንሁት። ላሚቱ ትበላ፣ ላም ይተካል፣ አንተን ማን ይተካልኛል አልሁት። አልሰማኝም። ውጅግራውን አውጥቶ፣ ጥይቱን አጉርሦ፣ በረቱ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። ያ ሥራ ፈት ምላስ ያን ጊዜ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ዝም ብሎ ተኮሰ። አንበሳው አንዴ ተወርውሮ ወንዙን ተሻገረና የያየህ የገብስ ማሳ ውስጥ ተዘረረ።

ደምለው ብድግ ብሎ ደረቱን ነፋ፣ ሊፎክር አፉን ከፈተ። በመዳፌ ግጥም አድርጌ ያዝሁት። ቅዳሴ ሳይወጣ ጠመንጃውን መልሰን ቀበርነው፣ ፍጉንም መለስንበት።

ያየህ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትቶ ነበርና በድኑን ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ያየህ ጠመንጃውን ይዞ፣ አንድ እግሩን አንበሳው ላይ ጭኖ ጠበቀው። ማን ገደለው ቢሉት ማን ይመስላችኋል አለ። ወይ ድፍረት! በእኛ አገር አንበሳ የገደለ ሰው አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል፣ ሴቱ እልል ይልለታል፣ እሱም ዘሩን ቆጥሮ ይፎክራል። ለያየህ ሁሉም ተደረገለት። ደምለው ከሰው መሐል ቆሞ ለያየህ አጨበጨበ። ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት፤ ግን እኔም እልል አልሁ።

በሳምንቱ ከላይ አንድ ካድሬ መጣ። አንበሳው የለም ብለው የጻፉት ሰዎች ቆዳውን የሕዝብ ንብረት ነው ብለው ፈልገውት ነው። መንደሩ የሚሰበሰብበት ሾላ ሥር ሰበሰበንና መጀመሪያ የያየህን ጥይት ቆጠረ። አምስቱም አሉ። ቆዳውን ዘረጋው፤ ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል፣ የያየህ ጠመንጃ እንዲህ አይበሳም። ታዲያ በምን ገደልኸው፣ የደበቅኸው ጠመንጃ የት ነው አለው። ያየህ ፊቱ አመድ መሰለ። ሞቶ ነው ያገኘሁት ብሎ አለቀሰ። ማን ይመነው? እጁን የኋሊት አሳሰረው። ሚስቱ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ያን ጊዜ ደምለው ተነሣ።

«ፍቱት፣» አለ። «አንበሳውን የገደልሁት እኔ ነኝ። በአባቴ ውጅግራ። ከበረቴ ግርግም ሥር ተቀብሯል።»

አልፎከረም፣ ደረቱንም አልነፋም። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ካድሬው ወደ እሱ ዞረ። ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ ተነሥቼ ሣቅሁ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተንከትክቼ ሣቅሁ።

«ጌታዬ፣ ባሌ ውሸታም ነው፣» አልሁት ካድሬውን። «የዚህችን የዘርፈሽን ጥጃ ወግቶ ነብር ገደልሁ ያለ ሰው ነው። ካላመኑኝ ይምጡና በረቱን ያስቆፍሩ፤ ፍጉ እስከ ጉልበት ነው።»

ዘርፈሽ ተቀበለችኝ፣ ስለ ጥጃዋ አንድም ሳታስቀር ተረከች። ሾላው ሥር ሣቅ በሣቅ ሆነ። ካድሬው የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየ፣ ወደ በረታችን አቅጣጫ አየ፣ እሱም ሣቀ። ሁለቱም ጉረኞች ናቸው፣ እዚህ አገር ጉራ የማይነዛ የለም ወይ አለና ያየህንም ፈታው። አንበሳው በሰፊው ሕዝብ የተባበረ ክንድ፣ በጦር ተወግቶ መሞቱን ጽፎ ቆዳውን ይዞ ሄደ። ሰፊው ሕዝብ እኔ እስከማውቀው ቅዳሴ ላይ ነበር።

ደምለው አልሣቀም። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየቱ እስከ ዛሬ ያመኛል። ነፍሱን አተረፍሁለት፤ በዕድሜው አንዲት እውነት ቢናገር እሷን በሰው ፊት ገደልሁበት።

ቤት ገብቶ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ፣ እህል አልቀመሰም። በሩን ዘጋሁና ለገበያ ያስቀመጥሁትን ለጋ ቅቤ አወጣሁ። ፊቱ ተንበርክኬ አናቱ ላይ አደረግሁለት። እልል ማለት አይቻልም፣ ጎረቤት ይሰማል። በጆሮው ብቻ «የኔ ገዳይ» አልሁት። ደምለው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ፣ ቅቤው ከእንባው ጋር በጉንጩ ወረደ።

ይህን ጊዜ ዘርፈሽ እሳት ልትጫር በሩን ከፍታ ገባች። ምን ሆኖ ነው ቅቤ የተቀባው አለችኝ። ራሱን አሞት ነው አልኋት።

«እግዜር ይማርህ፣» አለችው።

«አሜን፣» አለ ደምለው።